ስለ ዘንባባ የተሳሳትኩት መልስ

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ኮምፒውተር በራሴ ተማርኩ። ኢንተርኔቱ የሚሠራው መብራትና መስመር አንድ ላይ የተገኙ ዕለት ነው። በዚያች ቀዳዳ የኢሜል ጉባኤ አቋቋምኩ። አባላቱ የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ሊቃውንት ናቸው፤ ግማሾቹ እዚህ፣ ግማሾቹ ከመረብ ማዶ፣ ኤርትራ። በሁለቱ አገሮች መካከል መንገዱም ስልኩም ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ኢሜል ግን ያልፋል።

ብዙዎቹ ሊቃውንት ኮምፒውተር አይነኩም፤ የሚጽፍላቸውና የሚያነብላቸው ተማሪ አለ። ከማዶ የሚጽፈው ዲያቆን ገና ስንጀምር ለምኖኛል፦ «ስለ ሰው አትጠይቁን። ትምህርት ብቻ።» ለምን አላልኩትም። የሚላከውን ሁሉ አስቀድሜ አነባለሁ፤ የሰው ስም ካለበት ለጸሐፊው እመልሳለሁ።

የሚያስጨንቁኝ የኔታ ነበሩ። ከጓሳ ወዲያ ካለ ደብር፣ ከሚያስተምሩበት፣ በገበያ ቀን በበቅሎ ይመጣሉ። በወጣትነታቸው ጎጃም ሲማሩ ከመረብ ማዶ የመጣ ጓደኛ ነበራቸው፤ አብረው እየለመኑ በልተው አንድ ጎጆ አድረዋል። ሰውየው ተምረው አገራቸው ገቡ። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ ይኑሩ ይሙቱ የሚታወቅ ነገር የለም።

«ለጸሎት ነው ልጄ» ይሉኛል የኔታ። «በሕያዋን ልጥራው ወይስ በሙታን?»

ስለ ሰው መጠየቅ ስለማይቻል የትምህርት ጥያቄ ልንልክ ተስማማን። «እሱ ካለ ዝም አይልም» አሉ። ጻድቅ በዘንባባ የተመሰለው ስለ ምንድን ነው ብለው አጻፉኝ። እኔም ነገሩ በሥርዓቱ ይሁን ብዬ የጠያቂውን ማዕረግ፣ የተማሩበትን ጉባኤ ቤት፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበትን ዘመን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ላክሁት። ስማቸውንና አገራቸውን ብቻ ተውኩ።

መልስ የለም። ሌላ ገበያ መጣ፤ መልስ የለም። መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ መስመር ይጠፋል፤ ሁለቱም ሲገኙ አዲስ መልእክት አይገኝም። ጉባኤው የሞተ መሰለኝ። ቢሞትም ማረፌ ነበር። ከዚህ ወገን «ከማዶ ሰው ጋር ምን አለህ?» የሚለኝ በዝቷል፤ ከዚያ ወገን ደግሞ ዲያቆኑ ይፈራል።

የኔታ መጥተው በርኖሳቸውን ሳያወልቁ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?»

አነበብኩላቸው። በጭራቸው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«ወይ አንተ! ይህን ሁሉ ማዕረግ ጭነህብኝ ማን ደፍሮ አፉን ይክፈት? ሁሉም ታላቁ ይናገር እያለ ተቀምጧላ። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ግን ቃል ከማን ይጀምራል?»

«ከታናሹ።»

«ከጉባኤው ታናሹ ማነው?»

«እኔ ትርጓሜ አልተማርኩም፣ የኔታ።»

«እሱማ ይታወቃል። ጻፍ!»

ዘንባባን የማውቀው በሆሳዕና ቅጠሉን ግንባሬ ላይ ሳስር ነው። ዛፉን አይቼ አላውቅም። የማውቀው ገብስ ነው። «ቶሎ ስለሚያፈራ ይመስለኛል» ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ሳጥኑ ሞልቶ አገኘሁት። አንዱ «ይህን ማን አስተማረው?» ይላል። ሌላው «ዛፍና ሰብል የማይለይ ከጉባኤ ምን አገባው?» ይላል። ሁሉንም እያነበብኩ አሳለፍኩ፤ ስድቡ የእኔ ስለሆነ የሚያስቀር ሕግ አልነበረኝም። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የዲያቆኑ ነበር፦

«አባታችን እንዲህ ይላሉ። ዘንባባ ተተክሎ ዓመታት ካልቆየ አያፈራም። ጻድቅም ፍሬው የሚታየው ከትዕግሥት በኋላ ነው። ቶሎ ያፈራል የሚል የመንዝ ሰው ብቻ ነው። ድሮም አንድ መንዜ ይህንኑ መልሶ፣ መምህራችን ‹ገብሱ› እያሉ ሲጠሩት ከረሙ።»

የሰው ስም የለበትም፤ አሳለፍኩት።

ለየኔታ አነበብኩላቸው። ድገመው አሉ፤ ደገምኩት።

«ገብሱ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «በዚያ ጉባኤ ከነበርነው ሌላው ሁሉ ሞቷል። ይህን የሚያውቅ እሱ ነው።» የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «በሕያዋን እንግዲህ።»

እኔ ወንበሬ ላይ ተደግፌ ነበር። ጉባኤውን በዚያው ሳምንት ልዘጋው አስቤ እንደነበር አልነገርኳቸውም። የኔታ በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ።

«ለሚመጣው ገበያ ሌላ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ። አንተም እንደ ልማድህ ቀድመህ ተሳሳትልኝ።»

«እሺ፣ የኔታ» አልኩ። ወዲያው መብራት ሄደ።