የእናቴ ደጋን

ሰኞ ገበያ አንድ ተሸካሚ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ክምር ሲያስር፣ የወጠረው ገመድ ከእጁ አምልጦ ድዝ አለ። ባለሁበት ቆምኩ።

ኩታበር ደጃፋችን ላይ እናቴ ጥጥ ስትነድፍ የደጋኗ ጅማት እንዲህ ነበር የሚለው። ብናኙ ቅንድቧን አልብሶት፣ ዓይኗን ጨፍና ትነድፋለች።

«እማ፣ ሳታይው መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«በጅማቱ ድምፅ። አሁን ያጉረመርማል፤ ሲጠራ እተወዋለሁ። ካለፈ ጥጡ ይደክማል።»

ጥርት ሲል ማለቷ ነበር። እኔ ግን ሰው የሚጣራ መስሎኝ፣ «ማንን ነው የሚጠራው?» አልኳት።

ሳቀች። «አላህ ካለ አንድ ቀን አንቺንም ይጠራሻል።»

«ዞር በይ፣ እህቴ» ብሎ ተሸካሚው ክምሩን ይዞ አለፈኝ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተደራጅተን ጋቢ መሥራት ጀምረን ነበር። ደጋኑ የሷ ነው፤ ጅማቱም የሷ። እኔ የነደፍኩት ጥጥ ግን ወይ ይጓጉላል፣ ወይ እንዝርት ላይ ይበጠሳል። ስለ ነደፋ የምጠይቀው ሰው በኩታበርም ጠፋ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገቡ። እኔ ብቻዬን፣ እንደሷ ዓይኔን ጨፍኜ እነድፋለሁ።

ያጉረመርማል። እስካሁን አልጠራኝም።