የዛፉ ድርሻ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ይወጣዋል? ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌሎች የሚሮጡበትን ሜዳ፣ ሌሎች የሚሰነባበቱበትን ደጅ፣ ሌሎች የሚረግጡትን በረዶ ስትሥል የኖረች ሴት በመጨረሻ እጇ ላይ ምን ይቀራል? ሺዙኤ ኩዋባራ ራሷን እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሌላ ሰው ቢጠይቃት ኖሮ፣ "ቀለም" ብላ ጥፍሯን ታሳየው ነበር።

ሥራዋ ለአኒሜ፣ ማለትም ለጃፓን የካርቱን ፊልም፣ የጀርባ ሥዕል መሥራት ነው። ገጸ ባሕርያቱን የሚሥሉት ሌሎች ናቸው፤ የእነሱ ይራመዳል፣ ይዘላል፣ ይስቃል። የእሷ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሰማይ ነው፣ ግድግዳ ነው፣ ማንም ያልተቀመጠበት የባቡር ጣቢያ ወንበር ነው። በቶኪዮ ምዕራብ፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ፣ የመስኮቱ ዳር ጠረጴዛ የእሷ ነበር። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌው ሙሮታ በሕይወት ሳሉ አንዲት ቃል ይደጋግሙላት ነበር፦ "ተመልካቹ ሥዕልሽን ካየው አበላሽተሻል። ነፋሱ ከበረደው ግን ሠርተሻል።"

ይህች ቃል ለሺዙኤ እንደ እምነት ሆነችላት። ያለቀ ብሩሽ እንኳ አትጥልም፤ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ፣ "ደከምክልኝ" ብላ፣ ያረጁ ብሩሾች በዓመት አንዴ ተመስግነው ወደሚቃጠሉበት ቤተ መቅደስ ትወስደዋለች። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ሥዕሏ ለእርማት አልተመለሰባትም። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ሆዷ ግን ያውቀዋል፣ ጥቂትም ይኮራበታል።

ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀራት የደረሳት የመጨረሻ ፊልም፣ ባሏ የሞተባት የአንዲት አሮጊት ገበሬ ታሪክ ነበር። ሟቹ የተከለው የካኪ ዛፍ ደጃፏ ላይ ቆሟል፤ ካኪ መልኩ እንደ ብርቱካን ሆኖ እየበሰለ የሚቀላ፣ ጣዕሙ እንደ ማር የሆነ ፍሬ ነው። ሴትዮዋ ፍሬውን ለቅማ ትጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ላለው ክፍል የወጣው ንድፍ "ባዶ ዛፍ፣ ግራጫ ሰማይ" ይላል። ይህ ባዶ ዛፍ በአሥራ ሁለት ሥዕሎች ላይ ይታያል። አሥራ አንዱን ሌሎች ሠዓሊዎች ተካፍለው ጨርሰዋል፤ ትልቁና የመጨረሻው የሺዙኤ ድርሻ ነበር።

ፊልሙን ለማስረከብ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ዘርግታ የምታመሳክረው ሞሞሴ ተጣራች።

"እትዬ ሺዙኤ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"ይኸው፣ አናቱ ላይ።"

ሺዙኤ መጥታ አጎነበሰች። ከቅርንጫፎቹ ሁሉ በላይ አንዲት ቀይ ካኪ ተንጠልጥላለች።

"ማን ነው የጨመራት?"

"እኔን ይጠይቁኛል? ብሩሹ ያለው እርስዎ እጅ!" ብላ ሞሞሴ ሳቀች። የሺዙኤ ፊት ሲገረጣ ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሶኖዳ የሚባለው ሠዓሊ ተስፈንጥሮ ተነሣ። "እትዬ ሺዙኤ ተሳሳቱ? ጉድ ነው! ይቺን ቀን ስጠብቅ ፀጉሬ አለቀ እኮ። የዛሬ መጠጥ በእርስዎ ነው!"

እሷ አልሰማችውም። ፍሬዋን ማን እንደሣላት አሁን ገብቷታል። የተወለደችው በኢዳ ሸለቆ ነው፤ ካኪ ተልጦ፣ በገመድ ተሰክቶ፣ ከጣሪያ ጠርዝ ላይ በሚደርቅበት አገር። አባቷ ሲለቅሙ መሰላሉን የምትይዘው እሷ ነበረች። አባቷ የመጨረሻዋ ፍሬ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ። "ይቺ የዛፉ ድርሻ ናት" ይሏታል ከላይ ሆነው። "ዓመቱን ሙሉ ያበላንን ባዶ እጁን አናሳድረውም። ወፍም ትቅመስለት፤ እሱም ለከርሞ አይቀየመንም።" ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሳለ፣ እጇ ብቻውን የአባቷን ወግ ፈጽሞ ኖሯል።

የፊልሙ አዘጋጅ ካንዶሪ ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያደገው ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው፤ ሲቆጣ ለሰው ፊት አያውቅም። ሺዙኤ ወገቧ እስኪታጠፍ አጎነበሰችለት።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁኑኑ ሰማዩን አለብሳታለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።"

"ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ ምን እንደሆነች ይንገሩኝ።"

እያፈረች ነገረችው። እሱ ሥዕሉን አንሥቶ መስኮቱ ጋ ወሰደው፤ ረጅም ጊዜ አየው።

"ሴትዮዋ ገበሬ ናት አይደል?" አለ ዘወር ሳይል።

"ናት" አለች ሞሞሴ።

"ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ ዛፍ ጋር ኖራለች። ታዲያ አንዲት እንኳ ሳታስቀር ትለቅመዋለች?"

ሥዕሉን እንደያዘ ከመስኮቱ ዘወር አለ።

"ሁለት ዓመት ስለ ምስጋና ፊልም እሠራለሁ እያልኩ፣ ሴትዮዋን ውለታ ቢስ አድርጌያት አረፍኩ!" ሥዕሉን በሁለት እጁ ይዞ ለሺዙኤ መለሰላት። "ስህተቱ አሥራ አንዱ ላይ ነው። እነሱ ይታረሙ።"

"ሦስት ቀን ነው የቀረን!" አለ ሶኖዳ። "ካሜራ ሥር ገብተው የተነሡ ሥዕሎች አሉ። ለአንዲት ፍሬ?"

"ለአንዲት ፍሬ።"

ሺዙኤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ለመነች። "ልጆቼ፣ በእኔ ጥፋት አትንገላቱ። እኔ አንዷን ባጠፋት ሁላችሁም ታርፋላችሁ።" ሶኖዳ ቀና ሳይል፣ "እትዬ፣ ይልቅ ቀዩ ላይ ምን እንደቀላቀሉበት ይንገሩኝና ቁጭ ይበሉ" አላት። ነገረችው። አሥራ አንዱም አንድ አልነበሩም፤ አንዱ በጭጋግ ውስጥ ነው፣ አንዱ በምሽት ጀንበር፣ አንዱ በረዶ ጭኗል። ፍሬዋ በየብርሃኑ አዲስ ቀለም ትፈልግ ነበር። ሺዙኤ ስንቅ ሩዟን ሳትፈታ ተቀምጣ፣ ያጎነበሱትን አናቶች ስታይ ዋለች። መሰላሉን በልጅነቷ የያዘችው እሷ ነበረች፤ አሁን የእሷን መሰላል እነዚህ ይዘውላታል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጭሱ ነው እንዳትል ጭስ የለም።

ፊልሙ በቀኑ አልቆ ሲታይ፣ ካንዶሪ በመጨረሻዋ ሥዕል ላይ ሙዚቃውን አቁሞታል። ሰው አይናገርም፣ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ወፍ እንኳ አትመጣም። ዛፍ፣ ግራጫ ሰማይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ፤ ሰባት ሰከንድ። በአዳራሹ ያለው ዓይን ሁሉ እዚያች ላይ ተተክሎ ቀረ። ሽማግሌው ሙሮታ ቢኖሩ "አበላሽተሻል" እንደሚሏት አስባ፣ ሺዙኤ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች።

በተሰናበተች ቀን ጠረጴዛውን ወለወለችው፣ ወንበሩንም አመሰገነችው፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ለሁሉም አጎነበሰች። "ያልተገባኝን ሰጥታችሁኛል። ከእንግዲህ የማስቸግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊልሙ ለቴሌቪዥን ሲዘጋጅ ያቺን ካኪ አጥፉልኝ፤ ዓይን ትስባለች።"

ሁሉም ዝቅ ብለው አጎንብሰው "እሺ" አሏት። ማንም አላጠፋትም።