አርአያዋ እናት ተኝታለች

«ጠንካራ ሴት» የሚለውን አነጋገር የጠላሁት በእሷ ምክንያት ነው። ሰው ይህን የሚናገረው ሊያግዝ ሳይሆን ሊጭን ሲፈልግ እንደሆነ የገባኝ ሦስት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ነው። የጭነት ከብትም እኮ ጠንካራ ትባላለች፤ የምትባለው ግን ሲጭኗት እንጂ ሲያበሏት አይደለም።

የምንሠራው ውሃ አገልግሎት፣ የአቤቱታ ስልክ ክፍል ነው። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ስልክ፣ አንድ መስኮት። ውሃ የጠፋበት፣ ቧንቧ የፈነዳበት፣ ከቧንቧው ጭቃ የሚወርድለት ሁሉ ይደውልና የመሥሪያ ቤቱን ኃጢአት እኛ ጆሮ ላይ ያራግፋል። እኛ «ይቅርታ እንጠይቃለን፣ መዝግበናል» እንላለን። የሚያጠፋው ሌላ፣ የሚሰደበው ሌላ።

«ሯጯ» ያላት ዘበኛው ነው፤ ስሙም እዚያው ጸናባት። የፊርማው መዝገብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። እሷ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከአውቶቡስ ትወርድና ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ግቢውን ትሰነጥቀዋለች። ሁሌም አንድ ነገር ተለጥፎባት ነው የምትመጣው። አንድ ቀን ትከሻዋ ላይ የደረቀ ወተት፣ አንድ ቀን ቀሚሷ ላይ የልጅ ተለጣፊ ሥዕል፣ አንድ ቀን ደግሞ ግራና ቀኝ እግሯ ላይ ሁለት ዓይነት ጫማ። ያን ቀን ጫማዋን ያየችው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። «እታለም፣ ቤት የቀሩትም እኮ እንደዚሁ ጥንድ ናቸው» ብላ ሳቀች።

ሦስት ልጆች አሏት። ያኔ ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፤ የራሷን ጫማ ማሰር ትችላለች፤ እስክታስር ግን አውቶቡሱ ሦስት ጊዜ ያልፋል። መካከለኛው ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያለበሱትን ማውለቅ ሙያው ነው። ትንሿ የሰባት ወር ሕፃን ናት፤ ቀን ቀን ጡረታ የወጣች ጎረቤት ነርስ ትይዝላታለች።

ባልም አላት። አላት እንበል። መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው። «እኔ እንደ ሌላው ወንድ አይደለሁም፣ አግዛታለሁ» ይላል፤ የራሱን ልጅ አፍንጫ መጥረግ እገዛ ሆኖ! የማስተማሪያ መኪና አይታችሁ እንደሆነ፣ አስተማሪው የሚቀመጥበት በኩል መሪ የለውም። እግሩ ሥር ፍሬን ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ቤቱንም የሚኖረው እንደዚያው ነው፤ እሷ ትነዳለች፣ እሱ ጎኗ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል። «ቀስ በይ፣ ምን ያጣድፍሻል?» የሚላት እሷ በአንድ እጇ ፀጉር ስታበጥር፣ በሌላው ጡጦ ስታጥብ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኸው ነው።

ሥራ አስኪያጃችንን «ሪባን» እንለዋለን፤ በሌለበት ነው እንጂ ፊት ለፊቱማ ክቡርነትዎ ነው። ሪባን መቁረጥ ይወዳል። ግቢ ውስጥ አንድ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ሲተከል ሪባን ቆረጠ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲገዛ ሪባን ቆረጠ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ጥግ ያለችውን ጠባብ ክፍል «የእናቶች ማረፊያ» ብሎ ሪባን ቆረጠላት። አንድ ሶፋ ገባ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሳ። ሳምንት ሳይሞላ ሶፋው ወደ ሪባን ቢሮ ሄደ፤ በምትኩ የተሰባበሩ ወንበሮች ገቡና ተቆለፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሯጯ ወተቷን የምታልበው ሽንት ቤት ውስጥ ቆማ ነው። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። በግራ እጇ በሩን ይዛ፣ በቀኝ እጇ ማለቢያውን እየጨመቀች፣ ጡጦውን የውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ታስቀምጣለች። ስችል እየሄድኩ በሩን እጠብቅላታለሁ፤ ሁለታችንም ከወንበር ከተነሳን ግን ስልኩ ይጮኻል።

አንድ ማክሰኞ ስልኩ በዛብኝና ብቻዋን ሄደች። አንዷ ሳታውቅ በሩን ገፋችው። ጡጦው ወደቀ። ያን ሁሉ ደቂቃ የታለበው ወተት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጠርጋ፣ ጡጦውን አጥባ፣ ሸሚዟን አድርቃ ስትመለስ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሆኗል። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። የመጀመሪያው ደዋይ ሲጮህ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ስልክ ለማንሳት ይሄን ሁሉ ጊዜ! ምን ስትሠሪ ነበር?»

«ይቅርታ እንጠይቃለን» አለች። «መዝግበናል።»

እንባዋ የኮምፒውተሩ ፊደል ገበታ ላይ እየተንጠባጠበ ነው የመዘገበችው።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ደብዳቤ ደረሳት። አንደኛው «ከሥራ ገበታ ላይ አሥራ ስምንት ደቂቃ በመጥፋትዎ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው «የዓመቱ አርአያ ሠራተኛ እናት ሆነው በመመረጥዎ እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። ፊርማው አንድ፣ ማኅተሙ አንድ፣ ቀኑ አንድ። ሪባን ሁለቱን እንኳ ሳያነብ በአንድ ትንፋሽ እንደፈረመ ግልጽ ነው። እጁ ከጭንቅላቱ በፊት የሚሠራ ሰው ነው።

የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ጠራቻት፤ እኔም ለምስክር ያህል ተከተልኩ። ይህች ሴትዮ «እኔም አራት አሳድጌያለሁ፣ ልጅ እንዳለኝ እንኳ ማንም አያውቅም ነበር» ማለት ይቀናታል። ልጆቹም የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ለሽልማቱ በዓል ልጆችሽን ነጭ አልብሰሽ ታመጫለሽ» አለቻት። «ንግግሩ ተዘጋጅቶልሻል፤ አንቺ ማንበብ ብቻ ነው። ጠዋቱን ለዝግጅት ፈቅደንልሻል።»

ወረቀቱን አየሁት። «ሥራንና ቤትን አመጣጥኜ መምራት የቻልኩት መሥሪያ ቤቴ ለእናቶች በሚያደርገው ልዩ እንክብካቤ ነው» ይላል። ሁለት ገጽ ሙሉ እንክብካቤ።

«እመቤቴ፣ ማስጠንቀቂያውስ?» አለች ሯጯ።

«እሱ ሌላ ፋይል ነው።»

ባልየው ግን ዜናውን ሲሰማ በደስታ ሰከረ። ለሚያስተምራቸው ሁሉ አወራ። አዲስ ከረባት ገዛ። ለእሷ ሽልማት ለራሱ ከረባት!

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከፊት ለፊቱ ረድፍ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ባልየው ትልቋንና መካከለኛውን ይዞ መጣ፤ ነጭ በነጭ ናቸው፤ ያለበሰቻቸው ጎረቤቷ ነርስ ናት። መካከለኛው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ አንድ ካልሲውን አወለቀ።

«እናታቸውስ?» አልኩት።

«ሕፃኗን አጥብቼ እመጣለሁ ብላለች። ሴት መቼ ትደርሳለች?» አለኝ ከረባቱን እያስተካከለ።

የሆነውን በኋላ ነገረችኝ። ሁለቱ ልጆች ከወጡ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ሕፃኗን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ንግግሩን በአንድ እጇ ይዛ እያጠናች ነበር። «ልዩ እንክብካቤ» የሚለው ጋ ስትደርስ ጎኗን አሳረፈች። ከዚያ ወዲያ አታስታውስም። ነርሷ መጥታ በሩን ገርበብ አድርጋ ብታይ እናትም ልጅም አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ለመቀስቀስ እጇን ዘረጋች፤ ተወችው። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ ስድብ የማነሳት ሴት እሷ ብቻ ናት።

አዳራሹ ውስጥ ሪባን ስሟን ጠራ። ጭብጨባ ሆነ። ደግሞ ጠራ። በሦስተኛው ባልየው ብድግ አለና መድረክ ላይ ወጣ! ልጆቹም ተከተሉት። በመስታወት ክፈፍ የገባውን የምስክር ወረቀት ተቀበለ፤ ድምፅ ማጉያውንም ተቀበለ።

«ባለቤቴ ትንሽ ስለደከማት ነው» አለ። «እውነቱን ለመናገር ቀላል አይደለም። ማለዳ መነሳት አለ። ልጆችን ማልበስ፣ ማብላት አለ። ብዙ መስዋዕትነት ይጠይቃል። ቢሆንም እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተወጥተነዋል።»

ተወጥተነዋል! ይህ ሰው የልጁ ካልሲ የት መሳቢያ እንዳለ በካርታ ቢያሳዩት የማያገኝ ነው።

ሪባን አቀፈው። «ከእያንዳንዷ ጠንካራ ሴት ጀርባ አንድ አስተዋይ ወንድ አለ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጀርባዋ ላይ መሆኑስ እውነት ነው።

ከዚያ ሪባን ጎንበስ አለና ማጉያውን ለትልቋ ልጅ ሰጣት። «የኔ ቆንጆ፣ ለእማማ ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ አዳራሹን ዞር ብላ አየችው። «እማዬ ተኝታለች» አለች። «ስለዚህ አትጩኹ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሦስት መቶ ሰው ከተሰበሰበበት ቁም ነገር የተናገረችው የአምስት ዓመት ልጅ ብቻ ስትሆን ምኑ ያስቃል?

በማግስቱ ሯጯ አፍራ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። መጣች፤ ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነው። ስንት ዓመት አብሬያት ሠርቼ ዓይኗ እንደዚያ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። የሆነውን ስነግራት እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ለበዓሉ የታተመውን መጽሔት ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ታገላብጥ ጀመር። አራተኛው ገጽ ላይ ቀጥ አለች።

የእናቶች ማረፊያ ፎቶ ነው፤ ሶፋውና መጋረጃው። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «በቀን በአማካይ አሥራ ሁለት እናቶች ይገለገሉበታል።»

የሻይ ሰዓት ሲደርስ መጽሔቱን ይዛ ወደ ንብረት ክፍል ወረደች፤ እኔም ኋላዋ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ያለ ደብዳቤ ለእናቱም በር የማይከፍት ፍጡር ነው።

«ቁልፉን ፈልጌ ነበር» አለችው።

«ትዕዛዝ አለሽ?»

«የለኝም። ግን እዚህ ላይ አንብብ። አሥራ ሁለት እናቶች ክፍሉ ውስጥ አሉ። አንተ ደግሞ ቆልፈህባቸዋል። አንዷ የሆነ ነገር ብትሆን በማን ላይ ነው?»

ሰውዬው መጽሔቱን አየ፤ የሪባንን ፎቶ አየ፤ እሷን አየ። እንደዚህ ያለ ሰው እውነት አያስፈራውም፤ የታተመ ነገር ግን ያርደዋል። ቁልፉን አወጣ።

ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያወጣን ኮሪደሩ ላይ ደረደርናቸው። ከሒሳብ ክፍል አንዲት እርጉዝ መጣች፤ «አንቺ አትሸከሚ» ብንላትም መጋረጃ ተሸክማ ገባች። ስንጨርስ ሪባን ከቢሮው ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ፈቀደ?»

ሯጯ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ቀጥ ብላ አየችው።

«ክቡርነትዎ፣ መጽሔቱ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት እናቶች ናቸው» አለች ወንበሮቹን እያሳየች። «ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዳቸውም እግር የላቸውም።»

ሪባን ኪሱን ዳበሰ። ያዘጋጁለት ንግግር አልነበረም። ተመልሶ ገባ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ መጣላት፤ «የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ያለፈቃድ በማንቀሳቀስዎ» የሚል። አንብባ አጠፈችውና ከጠረጴዛዋ አንዱ እግር ሥር ሸጎጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው አይነቃነቅም።

ክፍሉ ግን አልተዘጋም። ሶፋው አልተመለሰም፤ ከየቤታችን ትራስ አመጣን። ሁለት ወር ቆይቶ ሪባን «ዳግም የታደሰ» ብሎ እንደገና ሪባን ቆረጠ። የዚያን ዕለት እሷ ውስጥ ወተት እያለበች ስለነበር የቆረጠው ከተዘጋ በር ውጪ ቆሞ ነው። ይህ ሰው ኀፍረት የሚባል ነገር ሲታደል ስብሰባ ላይ ነበር መሰለኝ።

ቤቷስ? የምስክር ወረቀቱን ባልየው ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እሷ አላወረደችውም። «የተሸለምከው አንተ ነህ፤ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ያንተ ነው» ብላ ብቻ በማግስቱ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። በመጀመሪያው ቀን መካከለኛውን በእንቅልፍ ልብሱ መዋዕለ ሕፃናት አደረሰው። በሁለተኛው ቀን የትልቋን ምሳ ዕቃ ባዶውን ላከ። በአራተኛው ወገቤን አለ። እሷም «በል እንግዲያው አንተ ከሕፃኗ ጋር ቤት ዋል» ብላ ሁለቱን ይዛ ወጣች። ወገቡ በማግስቱ ዳነ። ተለወጠ ብዬ አልዋሽም፤ በሳምንት ሦስት ጠዋት ግን ይይዛል፣ እያጉረመረመ። ለእሱ ዓይነቱ ይሄም ብዙ ነው ይሉኛል። እኔ ትንሽ ነው እላለሁ።

ትንሿ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ሯጯ ሥራ ቀየረች። አሁን የእሳት አደጋ ስልክ ታነሳለች። «ይሻላል እታለም፣ እዚህ የሚጮኸው ሰው ቢያንስ እውነትም እየተቃጠለ ነው» አለችኝ። ባለፈው እሁድ ደውላልኝ ስለ አዲሷ አለቃዋ ልትነግረኝ ጀምራ ነበር። መካከለኛው አፍንጫው ውስጥ ባቄላ ከትቷል የሚል ጩኸት ከኋላ ተሰማ፤ «ቆይ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው። እስካሁን አልደወለችም።