ከደረቷ ቀይ፣ ከወገቧ አረንጓዴ

ልጄ ከማወራላት ግማሹን እንኳ አታምንም። ከቢሮዋ ከሂሊያርድ ስትደውል ሳይቀር፣ ገና ታሪኬን ስጀምር "ማሚ፣ ኖ ዌይ! ፈጠርሽው!" ትለኛለች። ሌላው ይቅር። የዚያችን ዘፋኝ ቀሚስ ግን ሳታምነኝ እንዳልሞት ምዬ ነበር።

በሰባዎቹ መጨረሻ፣ እዚህ አሜሪካ "ኤይቲስ" በሚሉት ዘመን፣ ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን የዘፈን ፕሮግራም ነበር። ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን ጋሼ ብቻ ነበሩ፤ ያውም ከለር! እግሩን ያልታጠበ ልጅ አይገባም። ታጥበን ወለሉ ላይ እንደረደርና ያቺ ዘፋኝ ብቅ ስትል ትንፋሻችን ቀጥ ይላል። ቀሚሷ ከደረቷ ቀይ፣ ከወገቧ በታች አረንጓዴ! አጃቢዎቿ ደግሞ ቀይ ኮት በአረንጓዴ ሱሪ። ሳድግ ያንን ቀሚስ ካልለበስኩ ብዬ ስንት አልቅሻለሁ።

ወለሉ ላይ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችው አብሮ አደጌ ዛሬ እዚሁ ቅርብ፣ ዋይትሆል ትኖራለች። ዘንድሮ ልጆቿ ሃምሳኛ ልደቷን ሊያከብሩላት "ሁሉም የኤይቲስ ልብስ ለብሶ ይምጣ" አሉ። ለእኔ ወጣልኝ! ለማንም ሳልተነፍስ፣ ሊንደን ሰፈር ቤታቸው ውስጥ ልብስ ወደሚሰፉ እትዬ ሮጥኩ።

"ከላይ ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ?" አሉኝ። "ልጄ፣ ሐብሐብ ልትሆኚ ነው?"

"እርስዎ ብቻ ይስፉልኝ፣ እትዬ።"

በልደቱ ቀን ልጄ መኪና ውስጥ ሳቋን አፍና ወሰደችኝ። በሩን አንኳኳሁ። አብሮ አደጌ ከፈተች። ከደረቷ ቀይ፣ ከወገቧ አረንጓዴ!

ጮኽን። ተቃቅፈን ዘለልን። "ይኸው ምስክር!" አልኳት ልጄን። "አሁንስ?"

ልጄ ስልኳን አወጣች፣ የዘፈኑን ስም ጠየቀችኝ፣ ዩቲዩብ ላይ ፈልጋ የሳሎኑ ቲቪ ላይ ለቀቀችው። ያቺው ዘፋኝ፣ ያው ዘፈን። ቀሚሱ ግን ነጭ። ድፍን ነጭ! እንግዳው ሁሉ አንዴ ቲቪውን፣ አንዴ ሁለታችንን ያያል።

"ፈረንጆቹ ቀለሙን አጥበውት ይሆናል" አልኩ። ማን ሰምቶኝ።

አብሮ አደጌ ግን ዓይኗን ከቲቪው አልነቀለችም። "ቆይ፣ ፊቷስ? ሰማያዊ አልነበረም እንዴ?"

"ነበር! ፀጉሯም ሰማያዊ ነበር።"

"አንቺ! ፕላስቲኩ!" ብላ ጭኗን መታች።

ለካ ጋሼ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናቸው ላይ፣ ከላይ ሰማያዊ፣ መሐሉ ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ የሆነ ፕላስቲክ ለጥፈው ነበር። ጥጉ ሲላጥ በማስቲካ ሲያጣብቁት እኮ በዓይናችን አይተናል። ግን ከለር የሚባለው እንደዚህ ነው የሚሠራው ብለን!

"ታዲያ ዜና አንባቢው ቀይ ኮት የሚለብሰው..." አልኩ።

"እኔማ አብዮቱ አስገድዶት ነው ብዬ!"

ልጄ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትረጋጋ ቀና ብላ አየችን። "ሶ... እውነት አይታችሁታል?"

"አይተናል እንጂ!" አልን እኩል።

"ኦኬ፣ ማሚ። አመንኩሽ።" እንባዋን ጠረገች። "ግን ፊቷ ሰማያዊ ሲሆን ምንም አልመሰላችሁም?"

"ለእኔ መስሎኛል" አለች አብሮ አደጌ። "በርዷት ነው ብዬ ጋቢ የሚያለብሳት ሲጠፋ አዝን ነበር።"