የምሥራቁ ግድግዳ

ቴሌቪዥን ሊሰቅል የመጣው ባለሙያ የሳሎኔን ግድግዳ በጣቱ እያንኳኳ ሲዞር መቀመጥ አቃተኝ።

ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ፣ አባቴ ትልቅ ቴሌቪዥን የገዛ ዕለትም ግድግዳችን እንዲሁ ተንኳኩቷል። ቤታችን የጭቃ ስለነበር ክብደቱን የሚችል ወፍራም ቋሚ የተገኘው በምሥራቅ በኩል፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ብቻ ነው። ሥዕሏ ወርዳ ጓዳ ገባች።

አመሻሽ ላይ ቁጭ ብለን ስናይ የነፍስ አባታችን ድምፅ ከደጅ ተሰማ። አባቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋው፤ እናቴ ደንግጣ የሥዕሏን መጋረጃ ጣል አደረገችበት። አባ እንደ ገቡ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው ሰገዱ፤ መጋረጃውንም በግንባራቸው ተሳለሙ። ልናገር ስቁነጠነጥ እናቴ በዓይኗ ያዘችኝ።

አባ ተቀመጡና፣ "ዛሬስ እመቤቴ ሞቅ ብላ ጠበቀችኝ" አሉ።

ቅኔ አዋቂ ነበሩ። የምራቸውን ይሁን ወርቁን ደብቀውብን እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ጠንካራው ይሄኛው ነው" አለኝ ባለሙያው።

"እሱ እኮ ምሥራቅ ነው።"

"ይሻላል፤ የጠዋት ፀሐይ አይመታውም" ብሎ መብሻውን ሶኬት ላይ ሰካ።

ጠጋ ብዬ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው።