የኔ ፎርጅድ ነው ብዬ ነበር

መጀመሪያ የጎማ መፍቻው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። እንደገና ወደቀ። የመኪናው ባለቤት «ጋሼ፣ በጠዋቱ ጠጥተው ነው?» አለኝ። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። አፌ ተጣሟል። ቃል የለም።

ስትሮክ ነው አሉኝ ሆስፒታል። አፌ ተመለሰ። እጄ አልተመለሰም። ቁስቋም መንገድ ላይ ያለችኝ ጎሚስታ ደግሞ ያለ እጅ አትሠራም፤ እሷ ከተዘጋች ቤቴም ተዘጋ ማለት ነው።

ፊዚዮቴራፒ ስመላለስ ሐኪሟ ጥናት አለ አለችኝ። ቲዲሲኤስ ይባላል፤ ራስ ላይ እርጥብ ስፖንጅ አስረው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካሉ፣ ከዚያ እጅን ማሠራት ነው። ወረቀቱን ላንብብልዎት ስትለኝ እምቢ አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ራሴ ያላነበብኩት ላይ አልፈርምም። እየተንገዳገድኩ ሳነብ «ማስመሰያ» የሚል ቃል ላይ ደረስኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፕላሴቦ ነው ጋሼ። ለግማሹ ሰው ማሽኑ ትንሽ ቆንጥጦ ይጠፋል። ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። መሥራት አለመሥራቱን የምናውቀው አወዳድረን ነው።»

በቃ፣ ፎርጅድ ማለት ነው። መለዋወጫ ላይ ስንቱን አይቻለሁ! ፈረምኩ፤ ዓይኔን ግን ከማሽኑ ላይ አልነቀልኩም።

እኔን መጀመሪያ ይቆነጥጠኛል፣ ከዚያ ዝም። አጠገቤ የምትቀመጠውን አስካለን ጠየቅኳት፤ ልብስ ነጋዴ ናት፣ እሷንም ስትሮክ መትቷታል።

«እኔንማ እስከ መጨረሻው ይበላኛል» አለች።

«ያንቺ ኦሪጅናል ነው፣ የኔ ፎርጅድ» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ቤት የታዘዝኩትን የእጅ እንቅስቃሴ ተውኩት። ለፎርጅድ ምን አደከመኝ? እሷ ግን ኦሪጅናል ደርሶኛል ብላ ጣቷን ስታፍታታ ትውላለች።

ጥናቱ አለቀ፤ የአስካለ እጅ ከኔ በልጦ ተመልሷል። ለማን የትኛው እንደደረሰ አሁን ታውቆ ሐኪሟ ነገረችን። የኔ እውነተኛው ነበር። ማስመሰያው የአስካለ።

«ታዲያ እኔን ለምን ዝም አለኝ?»

«ቆዳ ይለምደዋል ጋሼ። ሰው በስሜቱ ብቻ መለየት አይችልም።»

«እሷስ ለምን በለጠችኝ?»

«በሁለት ሰው ምንም ማለት አይቻልም።»

አስካለ የሹራቧን ቁልፍ በተመለሰ እጇ እየቆለፈች ሳቀች። «እንግዲህ የኔ ፎርጅድ ካንተ ኦሪጅናል በለጠ! በል አሁን ሥራ፣ አንተ ግትር!»

ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት ጎሚስታዬ ደጃፍ ተቀምጬ የጎማ ቁራጭ እየጨበጥኩና እየለቀቅኩ፣ አላፊ አግዳሚው እየሳቀብኝ፣ ጣቶቼ ቀስ በቀስ ቡሎን መያዝ ጀመሩ፤ ማጥበቁን ገና ሌላ ሰው ይጨርስልኛል፣ ግን ሥራው አልቆመም።

አስካለን አመሰግናለሁ። ሐኪሟንም፣ ቢያናድደኝም፣ እውነቱን ስለነገረችኝ። ማሽኑን አላመሰግንም፤ ምን እንዳደረገልኝ አላውቅም። እጃችሁ ድንገት ከከዳችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። ጥናት ግቡ ካሏችሁ ፎርጅድ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አለው ካሏችሁ ጎረቤታችሁን ምን ተሰማህ አትበሉ፤ እጃችሁን አሠሩ። የለውም፣ ይሄማ ሁሉንም ያድናል የሚላችሁን ግን ጠርጥሩት።