እስከ ዓርብ የቆየ መርዶ

ባለፈው ሳምንት የአራት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ወዳለ አንድ ፎቶ ቤት ሄጄ ነበር። እናቷ ዱባይ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልጅቷን ይዤ ሄጄ የማስረክባት እኔ ነኝ፣ ስልሳን አልፌ፣ ደረጃ ባየ ቁጥር በሚያጉረመርም ጉልበቴ። ፎቶ አንሺው ነጭ ግድግዳ ላይ አስደግፎ «አትሳቂ፣ አትንቀሳቀሺ» ሲላት እሷ አንዴ ጥርሷን አንዴ ምላሷን እያወጣች መከራውን ስታሳየው፣ ፀጉሯን ላስተካክልላት ጎንበስ ብል ግንባሯ ላይ የቀባኋት ቫዝሊን ሸተተኝ። እንዲህ ቫዝሊን ተለቅልቄ ለፓስፖርት የተነሳሁት እኔም ነበርኩ፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ።

ቤታችን እዚያው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነበር። አባቴ ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነው፤ እናቴ ደግሞ የኑኑ ቁምባ ገጠር ልጅ። አባቴ ካርቱም አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እህቴ ለሊሴ ከዚያ በኋላ ተወለደችና አባቷን በፎቶ ብቻ እያወቀች፣ እሱም እሷን በደብዳቤ ብቻ እያወቀ ሦስት ዓመት ሆናት። በመጨረሻ ኑልኝ ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ልጅ በእናቱ ፓስፖርት ላይ ነበር የሚመዘገበው፣ ፎቶውም አብሮ ነው። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ለሊሴ ጭኗ ላይ፣ እኔ የስምንት ዓመቷ ቆሜ፣ ሦስታችንም በቫዝሊን አብረቅርቀን ተነሳን። አንዱ ቅጂ በደብዳቤ ለአባቴ ተላከ።

ፓስፖርቱ ሳይወጣ ሰፈራችን ኩፍኝ ገባ። ለሊሴ በታመመች በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሰን ስንሄድ ሰውየው ሦስተኛዋ የት አለች ሊል አፉን ከፈተና የእናቴን ጥቁር ልብስ ሲያይ መልሶ ዘጋው። እኔ በዚያ ፎቶ ላይ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር፤ በመጀመሪያው ላይ የለሊሴን እግር ይዤ ነበርና።

እናቴ ለአባቴ አልጻፈችለትም። ክፋት አልነበረም። እኛ ዘንድ መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው፣ ሲወድቅ የሚይዘው እንዲኖር። ካርቱም ያሉት የወለጋ ሰዎች ደግሞ ከሥራ የሚያርፉት ዓርብ ብቻ ነው። የእነሱ ሽማግሌ ለነበሩት ለኦቦ ተርፋሳ በምስጢር መልእክት ተላከላቸውና ነገሩ ተቆረጠ። እኛ ሰኞ እንደርሳለን፣ ዓርብ ማለዳ ይነገረዋል። በመካከሉ ያሉት አራት ቀናት በእኔ አፍ ላይ መውደቃቸውን ያሰበው ሰው አልነበረም።

እናቴ ጥቁሯን አውልቃ አበባ ያለበት ቀሚስ ለበሰች። አውሮፕላኑ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ «ጫልቱ ኮ፣ አባ ሲጠይቅሽ ለሊሴ ኑኑ ቁምባ አያቷ ጋ ቀረች በይ። ትኩሳት ይዟት ነው። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ውኃ ቅጂ ተብዬ ስላክ እንኳ የመንገዱን ወሬ ሳልጨምርበት የማልመለስ ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ከማውቀው ከስቶ፣ በፀሐይ ጠቁሮ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። አቅፎ አነሳኝና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ከኋላችን የሚመጣውን ሰው ሁሉ ማየት ጀመረ። «ለሊሴስ?» አለ። እናቴ የተባለውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። እሱም ፊቱ ጥቁር እንዳለ ፓስፖርቱን ልያዝልሽ ብሎ እጁን ቢዘረጋ፣ ለሊሴ የሌለችበትን ፎቶ እንዳያይ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችውና «ይቅር፣ አልከበደኝም» አለችው። እንዴት ይክበድ፣ አንድ ደብተር የማያህል ነገር!

የዚያን ቤት ግቢ አልረሳውም። ከጭቃ የተሠራው ትልቅ የውኃ ጋን ዛፍ ሥር ተቀምጦ በጎኑ ያልበዋል፤ አባቴ አመሻሽ ላይ ከጋራዥ ሲመለስ ከእሱ እየጨለፈ የጋለውን አፈር ይረጨውና፣ አገራችን የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል የሚሸተው ዓይነት ሽታ ሲነሳ፣ በገመድ በተሠራው አልጋ ላይ አጠገቡ ያስቀምጠኛል። ያ ሦስታችን ያለንበት ፎቶ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቅባትና ቤንዚን በሚሸት እጁ ወደ ለሊሴ እያመለከተ፣ «እስቲ ስለዚች ንገሪኝ» ይለኛል።

የመጀመሪያውን ቀን የማውቀውን ነገርኩት፣ ይመስለኛል። ጫጩት በቀሚሷ ደብቃ አልጋ ውስጥ ይዛብኝ መግባቷን፣ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ሳያልቅ «አሜን!» ብላ ጮኻ ሰውን ሁሉ ማሳቋን። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንደዚያ ስቆልኝ አያውቅም ነበርና በማግስቱም እንዲስቅ ፈለግሁ። ግን የሦስት ዓመት ልጅ ሕይወት ስንት ወሬ ይወጣዋል? ማክሰኞ ሳይመሽ አለቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ፈጠርኩ። ለሊሴ እስከ ሃያ ቆጠረች። ለሊሴ የጎረቤት ፍየል ላይ ተቀምጣ ገበያ ልትሄድ ተነሳች። ለሊሴ አንጮቴ፣ ያን በቅቤ የሚበላውን የወለጋ ሥራ ሥር፣ ስንበላ ከራሷ ላይ ቆርሳ የአባቷን ፎቶ «አባ፣ ብላ» እያለች አፉን ቅቤ አስነካችው። ይህን ስለው አልሳቀም፤ ራሴን ዳበሰኝ። እናቴ ከቤት ውስጥ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ በሩ ላይ መጣች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። እኔን ዝም ማሰኘት የምትችለው ለእሱ እውነቱን በመንገር ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጣና ገበያ ይዞኝ ሄደ። ለሊሴ ሲሻላት የምትመጣበት ጫማ ሊገዛላት ነው። ባለሱቁ ልኩን ጠየቀ። አባቴ ወደ እኔ ዞረና፣ «እግሯ ምን ያህላል?» አለኝ። እዚያች ላይ ማልቀስ እችል ነበር። ረስቼዋለሁ ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን መዳፌን ዘርግቼ ከእጄ አንጓ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ አሳየሁት። ቀይ ጫማ ነበር፤ መዳፌ ላይ ለክቶ አመጣልኝ። እስከ ቤት ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ።

ዓርብ ማለዳ ኦቦ ተርፋሳ ከስድስት ሰዎች ጋር መጡ። «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» እያሉ ገቡ። አባቴ እኛን ሊጠይቁ የመጡ መስሎት ደስ ብሎት በርጩማ ፍለጋ ተሯሯጠ፣ ሻይ ልጣድ አለ። ማንም አልቀመጥም ሲለው ቆመ። ኦቦ ተርፋሳ ክንዱን ይዘው በዝግታ ነገሩት። ሰዎቹ ሲወድቅ ሊይዙት ተጠጉት። እሱ ግን አልወደቀም፣ እናቴንም አላየም። ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ከዚያ ነው የጮኸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ነቀምቴ ተመለስን። አባቴ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም፣ አስተምሮ ድሮኛል። ወሬ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጣሁ ብዬ ስመጣ እንኳ ካርዱን ተቀብሎ ራሱ ያነብ ነበር እንጂ በአፌ አይሰማኝም ነበር። እናቴንም በመጨረሻ ይቅር ብሏታል፤ እሷ ሞቷን ብትደብቀውም ያልኖረችውን ለሊሴ አልፈጠረችለትም።

እናቴ ቀድማው ሞተች። እሱ በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ትራሱን ሳስተካክልለት እጄን ያዘኝና፣ «ጫልቱ፣ ያኔ ከነገርሽኝ ውስጥ አንዱን፣ እውነት የሆነውን አንዱን ብቻ ንገሪኝ» አለኝ። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ። የማላውቀው መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጫጩቷ የእውነት ትመስለኛለች፣ ፍየሏም እንደዚያው ትታየኛለች፤ ቅቤው ሲንጠባጠብ እንኳ አያለሁ። እያንዳንዱን ደጋግሜ ለራሴ ስነግረው ኖሬ፣ የቱ ከዓይኔ የቱ ከአፌ እንደመጣ መለየት አቅቶኛል። የምጠይቃት እናት የለችኝም።

«አላውቅም፣ አባ» አልኩት። አባቴን በዋሸሁበት ነገር ከዚያ «አዎ» በኋላ የነገርኩት እውነት ይህ ብቻ ነበር፤ ምንም አልረባውም። እጄን ለቀቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጁን አንድ ቀን እንኳ ሳያያት ሞተ እያልኩ ሳዝንለት ኖሬአለሁ። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከለሊሴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቻለሁ፣ አዝያታለሁ፣ አፍንጫዋን ጠርጌአለሁ፤ ዛሬ ስለ እሷ አንዲት ነገር ምዬ መናገር አልችልም።